ምንጣፍ ሥር የተቀበረ የሽንት ጠረን፦ ከኦክ ወለል እንዴት እንደሚወጣ

በአሜሪካ ዋና ከተማ በዋሽንግተን ዙሪያ ባሉት በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በታኮማ ፓርክ፣ በአሌክሳንድሪያና በአካባቢው በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ከተሠሩት ቤቶች ብዙዎቹ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ከተነጠፈው ምንጣፍ ሥር ኦክ ከሚባል ጠንካራ እንጨት የተሠራ እውነተኛ ጣውላ አላቸው። እንዲህ ያለ ቤት የገዛ ሰው የምንጣፉን ጥግ ገልጦ ጣውላውን ሲያይ ደስ ይለዋል። ደስታው ሳያልቅ ግን የቀድሞው ባለቤት ድመት ወይም ውሻ ለዓመታት ያጠራቀመው ጠረን ፊቱን ይመታዋል፤ ጣውላው ላይም ጥቁር ጥቁር ምልክት ይታያል።

ይህ ጠረን ይወጣል። በየተራው ካልተሠራ ግን ተመላልሶ ይመጣል። ብዙ ሰው መጀመሪያ ወለሉን ያስፍቃል፣ ቫርኒሽ ያስቀባል፣ የብርዱን ወራት ምንም ሳይሸተው ያሳልፋል፣ በሐምሌ ዋሽንግተን በላብ ስትጠመቅ ጠረኑ እንደ አዲስ ይነሣል። ስለዚህ አንድ ጠርሙስ እንኳ ከመግዛታችሁ በፊት ሽንቱ እስከ የት እንደወረደ እወቁ። ዘዴውን የሚወስነው ጥልቀቱ ነው።

ጠረኑ ለምን አይሞትም?

ትኩስ ሽንት ያን ያህል አይሸትም። ውስጡ ያለውን ዩሪያ ባክቴሪያዎች ሲሰባብሩት ነው አሞኒያ የሚወጣው፤ ዓይን የሚያቃጥለው እሱ ነው። አሞኒያ ግን ተኖ ይሄዳል። የሚቀረውና የሚያስቸግረው ሌላው ነው። የድመት ሽንት ፌሊኒን የሚባል ድኝ ያለበት ንጥረ ነገር አለው፤ እሱ ቀስ በቀስ ሲፈርስ ያ የታወቀው የድመት ጠረን ይወጣል። ያልተኮላሸ ወንድ ድመት ደግሞ ይህን ንጥረ ነገር በብዛት ያመነጫል። በዚያ ላይ የድመት ኩላሊት ውሃ ቆጣቢ በመሆኑ ሽንቷ ከውሻ ሽንት ይልቅ የጠነከረ ነው። ስለዚህ አንዲት ትንሽ ድመት የለቀቀችው ከትልቅ ውሻ ሽንት የበለጠ ቢያስቸግራችሁ አትገረሙ።

ሁለተኛው ምክንያት ጨው ነው። ውሃው ሲደርቅ የሽንቱ ጨው በእንጨቱ ቀዳዳዎች ውስጥ ይቀራል። ጨው ከአየር እርጥበት ይስባል። አየሩ ሲረጥብ ጨው ይረጥባል፣ በደረቅ ጊዜ ተኝቶ የነበረው ሽታ ይነቃል። «ዝናብ ሲመጣ ጠረኑ ተመለሰ» የሚባለው ይህ ነው። የወጣ ጠረን አልተመለሰም፤ ድሮም አልወጣም ነበር።

የምርት መለያዎች ላይ «የዩሪክ አሲድ ክሪስታል ያጠፋል» የሚል ብዙ ታያላችሁ። እውነቱን ለመናገር ውሾችና ድመቶች አብዛኛውን ዩሪክ አሲድ በጉበታቸው ወደ አላንቶይን ቀይረው ነው የሚያስወጡት። ዩሪክ አሲድ በብዛት የሚሸናው ዳልሜሽያን የተባለው ነጠብጣቡ ውሻ ነው። ስለዚህ ምርቱን በዚያ ቃል ብቻ አትምረጡ፤ መለያው ኢንዛይም (ሽንቱን የሚሰባብር ንጥረ ነገር) ወይም ሕያው ባክቴሪያ እንዳለው መናገሩንና የአገልግሎት ጊዜው አለማለፉን እዩ።

ምንጣፉን ማንሣትና ቦታውን ማግኘት

ሽንት ወደ ታች በወረደ ቁጥር እየሰፋ ነው የሚሄደው። ምንጣፉ ላይ የቡና ሲኒ የሚያህል ምልክት፣ ከሥሩ ባለው ስፖንጅ ላይ ሳህን ያክላል፤ ጣውላው ላይ ሲደርስ በመጋጠሚያዎቹ ተከትሎ ወደ ጎን ይሮጣል። ስለዚህ ምንጣፉ ላይ ባያችሁት ስፋት አትተማመኑ።

ምንጣፉን በምላጭ ቢላ አንድ ሜትር ያህል ስፋት እየሰጣችሁ ከጀርባው በኩል ቁረጡት፣ ጠቅልላችሁ በፕላስቲክ አሽጋችሁ በዚያው ቀን ከቤት አውጡት። የሸተተውን ምንጣፍና ስፖንጅ ለማጠብ ጉልበት አታባክኑ። ስፖንጁ በተለይ መቼም አይድንም። በግድግዳው ዙሪያ ምንጣፉን የያዘው ሚስማር የተተከለበት ቀጭን እንጨት ብዙ ጊዜ ሽንት ከጠጡት ነገሮች አንዱ ነውና ነቅላችሁ ጣሉት፤ ወፍራም ጓንት አድርጉ። ስፖንጁን የያዙትን የስቴፕል ሽቦዎች በፒንሳ አንድ በአንድ ንቀሉ። አንድም እንዳይቀር፤ ብረት ከእርጥበትና ከኦክ ጋር ሲገናኝ ጥቁር ነጥብ ይተዋል፣ ኋላም የወለል መፈተጊያውን (መፋቂያውን) ማሽን ወረቀት ይቀደዋል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። ከምንጣፉ ሥር ጣውላ ሳይሆን 23 ሴንቲ ሜትር በ23 ሴንቲ ሜትር የሆነ የቆየ የወለል ንጣፍ ወይም ጥቁር ሙጫ ካገኛችሁ አስቤስቶስ (ብናኙ ሳንባ የሚጎዳ ማዕድን) ሊኖርበት ስለሚችል አትፋቁት፣ አትስበሩት፤ መጀመሪያ አስመርምሩ። ከ1978 በፊት በተሠራ ቤት ደግሞ ዞኮሎው (በግድግዳው ግርጌ ዙሪያ የሚሄደው እንጨት) ላይ ያለው ቀለም፣ አንዳንዴም የወለሉ ቫርኒሽ፣ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ይችላል። ከመፈተጋችሁ በፊት የእርሳስ መመርመሪያ ተጠቀሙ። ልጆች ያሉበት ቤት ከሆነ ይህን ችላ የምትሉበት ምክንያት የለም።

ቦታውን ለማግኘት 365 ናኖሜትር የሆነ የአልትራቫዮሌት ባትሪ ግዙ። ርካሾቹ 395 ናኖሜትር ናቸው፤ ወይን ጠጅ ብርሃናቸው ስለሚበዛ ደካማውን ምልክት ይሸፍኑታል። ማታ መብራት አጥፍታችሁ፣ ባትሪውን ከወለሉ ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ አድርጋችሁ ተመልከቱ። የደረቀ ሽንት ወደ ቢጫ አረንጓዴ ያበራል። ዙሪያውን በጠመኔ ክበቡት። ሙጫ፣ ሳሙናና አንዳንድ የድሮ ቫርኒሽም ያበራሉ፤ ስለዚህ ያበራ ሁሉ ሽንት አይደለም። በጠረን አረጋግጡ፦ በተጠረጠረው ቦታ ላይ ባዶና ንጹሕ የመስታወት ማሰሮ ደፍታችሁ ለ24 ሰዓት ተዉት፤ ሲነሣ ወዲያው አሽትቱ። ንጹሕ በሚመስል ቦታም ላይ ሌላ ማሰሮ ድፉና አነጻጽሩ። ይህን ፈተና ኋላም ሥራው መሳካቱን ለማየት ስለምትጠቀሙበት ማሰሮዎቹን አትጣሉ።

በምርመራው ቀን ቡና አትቁሉ፣ ዕጣንም አታጭሱ። ቤቱ ውስጥ የሚኖር ሰው አፍንጫም ይለምዳል፤ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ጠረኑን መስማት ያቆማል። ከውጭ የመጣ ጎረቤት ወይም ዘመድ ማሰሮውን ቢያሸት ይሻላል።

ከወለሉ በታች ጣሪያው ያልተሸፈነ ቤዝመንት (ምድር ቤት) ካላችሁ ደግሞ ዕድለኞች ናችሁ። ባትሪ ይዛችሁ ወርዳችሁ የወለሉን ሆድ እዩ። በተሸካሚ እንጨቶቹ መካከል ጥቁር ወይም ነጭ የጨው ዱካ ካለ ሽንቱ ጣውላውን አልፎ ጣውላው የተነጠፈበትን የታችኛውን ወለል ይዟል ማለት ነው። ይህን ከላይ ሆኖ ማወቅ አይቻልም።

እንግዲህ ሦስት ደረጃ አለ። ጣውላው መልኩን ካልቀየረና ማሰሮው ውስጥ ጠረኑ ደካማ ከሆነ ሽንቱ ላይ ላዩን ነው፤ ማጽዳት ብቻ ይበቃል። ጣውላው ጠቁሮ ከታች ደረቅና ንጹሕ ከሆነ ማጽዳት፣ መፈተግና ማሸግ ያስፈልጋል። ከታችም ከታየ፣ ወይም ጣውላው ሲጫኑት ከለሰለሰ፣ ያንን ቁራጭ መቀየር ነው። ለመካከለኛው ደረጃ የሚበጀው ሥራ ረጅም ስለሆነ እዚያ ላይ እንቆያለን።

ማጽዳት

መጀመሪያ በቫኪዩም በመጋጠሚያዎቹ መካከል ያለውን ብናኝና የደረቀ ስፖንጅ ሁሉ ምጠጡ። ቀጥሎ ምልክት ባደረጋችሁበት ቦታ ላይ ያለውን የቆየ ቫርኒሽ በ60 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በእጅ አንሡት። ይህን የሚዘል ሰው ብዙ ነው፤ ከዚያ «ኢንዛይሙ አልሠራም» ይላል። ሽንቱ የገባው በመጋጠሚያዎቹና በተሰነጠቀው ቫርኒሽ በኩል ነው፤ ኢንዛይሙም ጣውላው ውስጥ እንዲገባ መንገድ ይፈልጋል።

አሞኒያው ገና የሚያቃጥል ከሆነ ነጭ አቼቶና ውሃ እኩል ለእኩል ቀላቅላችሁ በተጨመቀ ጨርቅ ጥረጉ፣ ከዚያ በንጹሕ ውሃ በረጠበ ጨርቅ ደግማችሁ ጥረጉና አድርቁ። አቼቶ የሚያረጋጋው አሞኒያውን ብቻ ነው። የድመት ፌሊኒን ላይ የሚያመጣው ለውጥ ስለሌለ በእሱ የጨረሳችሁ እንዳይመስላችሁ።

ቀጥሎ ኢንዛይም። በአሜሪካ ገበያ ኔቸርስ ሚራክልና አንቲ ኢኪ ፑ ከሚታወቁት መካከል ናቸው። በጠርሙሱ ላይ የተጻፈው መመሪያ አብዛኛውን ጊዜ የተዘጋጀው ለምንጣፍ ነው፤ «በደንብ አጥለቅልቁት» ይላል። ጣውላ ላይ ይህን ካደረጋችሁ ጣውላው ጠርዙ ተነሥቶ መሐሉ እንደ ገበቴ ይጎደጉዳል። ለአንድ ካሬ ሜትር ከሩብ እስከ ግማሽ ሊትር ይበቃል፦ ገጹ እንደረጠበ ሆኖ ያብረቀርቅ፣ ኩሬ ግን አይሥራ። ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ በዚያው ፈሳሽ ነክራችሁ አንጥፉበት፣ ላዩን በፕላስቲክ ሸፍኑ፣ ጠርዙን በቴፕ ያዙ። ከ12 እስከ 24 ሰዓት ይቆይ። ፕላስቲኩ ያስፈለገው ፈሳሹ እንዳይደርቅ ነው፤ ኢንዛይም የሚሠራው እርጥብ እስካለ ድረስ ብቻ ነው።

ኢንዛይሙን የሚገድሉትን ነገሮች እወቁ። የፈላ ውሃ ይገድለዋል። በረኪና፣ ጀርም ገዳይ ሳሙናና ፐርኦክሳይድም ይገድሉታል፤ ስለዚህ እነዚህ ከእሱ በፊት መምጣት የለባቸውም። ቀዝቃዛ ክፍል ያዘገየዋል፤ ቤቱ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ወይም ከዚያ ሞቅ ያለ ይሁን።

በመጀመሪያው ቀን ጠረኑ ይብሳል። አትደንግጡ። ደርቆ የነበረው ጨው ረጥቦ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተስፋ ይቆርጥና ሌላ ኬሚካል ይደርብበታል፤ ያን ጊዜ የተጀመረው ሥራ ይበላሻል።

ጨርቁን አንሥታችሁ በፋን ከሦስት እስከ አምስት ቀን አድርቁ። ማሞቂያ ወለሉ ላይ አትደግኑ፤ ጣውላው በአንድ ጊዜ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። የእንጨት እርጥበት መለኪያ ከቤት ዕቃ መደብር ይገኛል፤ ዋጋውም ከባድ አይደለም። መለኪያው በታከመው ቦታና በንጹሑ ቦታ ላይ ተመሳሳይ ቁጥር እስኪያሳይ ጠብቁ። በቤት ውስጥ ያለ ኦክ አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 9 በመቶ ውስጥ ይሆናል። ከዚያ የማሰሮውን ፈተና ድገሙ። አንድ ዙር እምብዛም አይበቃም፤ ሁለት ወይም ሦስት ዙር ጠብቁ። በእያንዳንዱ ዙር ጠረኑ መቀነስ አለበት። ከሁለተኛው ዙር በኋላ ምንም ካልቀነሰ ሽንቱ ያለው ኢንዛይሙ በማይደርስበት ቦታ፣ ማለትም ከታችኛው ወለል ውስጥ ነው። ቤዝመንቱ ክፍት ከሆነ ከታች በኩልም በርጩት።

በረኪናን በተመለከተ

እኛ አገር በረኪና የሁሉ ነገር መድኃኒት ነው። እዚህ ግን እጃችሁን ሰብስቡ። በረኪና ከሽንት አሞኒያ ጋር ሲገናኝ ክሎራሚን የሚባል ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ያወጣል፤ ከአቼቶ ጋር ሲገናኝ ደግሞ ክሎሪን ጋዝ። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ይህ ሰው ሆስፒታል ያስገባል። ጣውላውንም ያልተስተካከለ ነጭ ያደርገዋል እንጂ በጥልቀት ያለውን ጠረን አይነካውም። አሞኒያ ያለባቸውን የመስኮትና የወለል ማጽጃዎችም ተዉ፤ ለድመት አሞኒያ የሽንት ቦታ ምልክት ነው፤ ቤቱ ውስጥ ድመት ካለ እዚያው ተመልሳ ትሸናለች።

ጥቁሩ ምልክት

ጠረኑ ከወጣ በኋላ መልኩ ይቀራል። ኦክ ታኒን የሚባል ነገር በብዛት አለው፤ ሻይ የሚያከርረው ዓይነት ነው። አሞኒያ ከታኒን ጋር ሲገናኝ እንጨቱን ያጠቁራል። ብረትም ከታኒን ጋር ሲገናኝ ሰማያዊ ጥቁር ቀለም ይሠራል፤ በጥንት ዘመን ቀለም ለመጻፊያ የሚሠራበት መንገድ ይኸው ነበር። ሁለቱ ጥቁሮች መድኃኒታቸው ይለያያል። በሚስማር ራስ ዙሪያ የተከበበ ጥቁር ካያችሁ ብረት ነው፤ ለእሱ ኦክሳሊክ አሲድ። ሰፋ ያለ፣ ወደ ቡናማ የሚያደላ ጥቁር ካያችሁ የሽንቱ ነው፤ ለእሱ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ።

ፐርኦክሳይዱን ከፋርማሲ በሚገኘው 3 በመቶ ጀምሩ። ነጭ የጥጥ ጨርቅ ነክራችሁ ምልክቱ ላይ ብቻ አንጥፉ፣ በፕላስቲክ ሸፍኑ፣ በየሁለት ሰዓቱ እየገለጣችሁ እዩ፤ እስከ ማግስቱ ሊያቆዩት ይችላሉ። ጨርቁ ከምልክቱ ጠርዝ ወጥቶ ንጹሑን ጣውላ ከነካ እዚያ ነጭ ቀለበት ይቀራል። ይህ የተለመደ ስሕተት ነው፤ ጨርቁን በምልክቱ ቅርጽ በመቀስ ቁረጡት። ፐርኦክሳይድ በጎን የሚሰጠው ሌላ ጥቅም አለ፦ የቀረውን የድኝ ጠረን ያቃጥለዋል። 3 በመቶው ካልበቃ ለፀጉር ማቅለሚያ የሚሸጠው «40 ቮልዩም» 12 በመቶ ነው። ክሬም ያልሆነውን፣ እንደ ውሃ የጠራውን ምረጡ። ጓንትና መነጽር አድርጉ፤ ቆዳን ያቃጥላል። ከአቼቶ ጋር በአንድ ዕቃ አትቀላቅሉት፤ የሚያቃጥል ሌላ አሲድ ይፈጠራል። የቀረውንም በጠርሙስ ከድናችሁ አታስቀምጡ፤ ጋዝ ይሠራና ሊፈነዳ ይችላል።

ኦክሳሊክ አሲድ በመደብሮች «የእንጨት ብሊች» ተብሎ በዱቄት ይሸጣል። 120 ግራም ያህል በአንድ ሊትር ሙቅ ውሃ አሟሙ፤ በፕላስቲክ ዕቃ እንጂ በብረት አይሁን። ጥቁሩ ላይ በቡሩሽ ቀቡ፣ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ጠብቁ። ከዚያ በአንድ ሊትር ውሃ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ አሟሙና በእሱ ጥረጉ፤ በንጹሕ ውሃ በረጠበ ጨርቅ ደግሞ ሁለቴ። ይህ እጥበት የግድ ነው። አሲዱ መርዝ ነው፤ ደርቆ የቀረው ነጭ ዱቄት ስትፈትጉ አፍንጫና ጉሮሮ ያቃጥላል፣ ቫርኒሹንም አያስይዝም። ፐርኦክሳይድና ኦክሳሊክ ሁለቱም ካስፈለጉ በመካከላቸው አጥባችሁ አድርቁ።

ጣውላው ጥቁሩን ሙሉ በሙሉ ላይለቅ ይችላል። የቀረ ጥላ ጠረን አለ ማለት አይደለም። ማሰሮው ንጹሕ ከሆነ ጥላውን በጠቆር ያለ የእንጨት ቀለም መሸፈን ይቻላል።

መፈተግ

የእነዚህ ቤቶች ኦክ አብዛኛውን ጊዜ 57 ሚሊ ሜትር ስፋትና 19 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ወንዴና ሴቴ ሆኖ የተጋጠመ ነው። ከወንዴው በላይ ያለው እንጨት 6 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። አንድ ሙሉ ፍተጋ ከዚያ አንድ ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ይወስዳል። ከዚህ በፊት የተፈተገ ከሆነ ምን ያህል እንደቀረ በማሞቂያው ቀዳዳ በኩል ጠርዙን አይታችሁ ለኩ። የሚስማር ራስ ብቅ ማለት ከጀመረ አበቃ፤ ከዚያ በላይ አትሂዱ።

በ36 ቁጥር ጀምራችሁ ወደ 60፣ ከዚያ ወደ 100 እለፉ። ቁጥር አትዝለሉ፤ የመጀመሪያው ወረቀት ጭረት ቫርኒሽ ሲቀባ ነው የሚታየው። ማሽኑ ሲያሞቀው የቀረ ጠረን ካለ እዚህ ላይ ይነሣል፤ ጥሩ ምርመራም ነው። በሚገባ የሚገጥም የብናኝ ጭንብል አድርጉ። የማሽኑን ከረጢት ሲሞላ ብቻ ሳይሆን ሥራ ስታቆሙ ሁሉ ውጭ ወስዳችሁ አራግፉት፤ ከቫርኒሽ ጋር የተቀላቀለ ብናኝ በራሱ ሞቆ እሳት ሊያነሣ ይችላል።

መፈተግ ብቻውን ጠረን አያወጣም። አንድ ሚሊ ሜትር ነው የምታነሡት፤ ሽንቱ ግን በመጋጠሚያው በኩል እስከ ታች ወርዷል።

ማሸግ

ጠረን የሚያግደው ሼላክ የሚባለው ቫርኒሽ ነው፤ ጎማላካ በሚል ስም የሚያውቁትም አሉ። የሚሟሟው በአልኮል ስለሆነ ሲቀባ በእንጨቱ ውስጥ የቀረውን ጨው አያረጥበውም፣ በፍጥነትም ይደርቃል። በውሃ የሚሠራ ፕራይመር ወይም ቫርኒሽ ግን ጨውን አሟሙቶ ወደ ላይ ይስበዋል፤ ጠረኑ ከነቀለሙ ይወጣል።

የሚታየው ኦክ ላይ ሰሙ የወጣለትን ጥሩ ግልጽ ሼላክ ቀቡ፤ ዚንሰር ሲልኮት የሚባለው ይህ ነው። ሰም ያለው ሼላክ ላይ ፖሊዩረቴን (ለወለል የሚቀባው ጠንካራ ቫርኒሽ) አይዝም፣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሣል። ሁለት ቀጫጭን እጅ፣ በመካከላቸው ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት። በ220 ቁጥር ወረቀት ቀለል አድርጋችሁ አሹትና ፖሊዩረቴን ደርቡበት። ሼላክ ብቻውን ለወለል አይበቃም፤ አሞኒያ ያሟሟዋል፤ አዲስ ሽንት ቢነካው ይለሰልሳል።

የሚሸፈን የታችኛው ወለል ላይ ደግሞ ነጩን፣ ዚንሰር ቢን የሚባለውን፣ ሁለት እጅ ቀቡ። መጋጠሚያዎቹንና ከግድግዳ ጋር የሚገናኝበትን ጠርዝ በቡሩሽ አስገቡ፤ ሮለር እዚያ አይደርስም።

ሁለቱም የአልኮል እንፋሎት ያወጣሉና መስኮት ክፈቱ፣ በጋዝ የሚሠራውን ምድጃና የውሃ ማሞቂያ ነበልባል አጥፉ። ይህን የምለው ለወጉ አይደለም፤ እንፋሎቱ ነበልባል ካገኘ ይያያዛል።

ከመጨረሻው የሼላክ እጅ በኋላ 48 ሰዓት ጠብቃችሁ ማሰሮውን ድፉ። አሁንም ከሸተተ ፖሊዩረቴኑን አትቀቡ። ማሸግ የመጨረሻዋን ቅሪት ለመያዝ ነው፤ ያልጸዳ ሽንት ላይ ከተቀባ ጣውላው በሆዱ በኩል ይተነፍሳል፣ ጠረኑም በቤዝመንትና በዞኮሎው ሥር ይወጣል።

መቀየር

ለለሰለሰ ወይም ከሁለትና ሦስት ዙር በኋላ ላልዳነ ጣውላ ሌላ መንገድ የለም። የክብ መጋዙን ጥልቀት 19 ሚሊ ሜትር ላይ አስተካክሉ፣ በጣውላው ርዝመት ሁለት ትይዩ መስመር ቁረጡ፣ መሐሉን በመሮ ፈልጣችሁ አውጡ፣ ከዚያ ሁለቱን ጎኖች ወደ ውስጥ አንሡ። ጎረቤት ጣውላውን በመጋዝ እንዳትነኩ ጫፉን በመሮ ጨርሱ። የምትቆርጧቸው ጫፎች በአንድ መስመር እንዳይሰለፉ ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር አበላልጡ፤ አለዚያ ጥገናው ካሬ ሆኖ ከሩቅ ይታያል።

የታችኛውን ወለል እዚህ ላይ በደንብ እዩት። የጣውላ ወይም የፕላይውድ ከሆነና ካልበሰበሰ በኢንዛይም ታክሞ፣ ደርቆ፣ በነጩ ሼላክ ይታሸጋል። ቺፕውድ ከሆነ ግን ይነሣ፤ ሽንት ሲጠጣ ያብጣል፣ ይፈረፈራል፣ ጠረኑንም አይለቅም።

አዲሱ ጣውላ ሲገባ ከሴቴው በኩል ያለውን የታችኛውን ከንፈር ቁረጡት፣ የግንባታ ሙጫ ቀብታችሁ ከላይ አስገቡት። የኦክ ዓይነቱን፣ ቀይ ወይም ነጭ መሆኑን፣ ለዩ። ተመሳሳይ ዕድሜና መልክ ያለው ጣውላ ከፈለጋችሁ ከቁም ሣጥን ወለል ውስጥ ንቀሉና አዲሱን እዚያ አስገቡ፤ በር ሲዘጋ ማንም አያየውም።

ወለሉ ጸድቶም ከሸተተ

ዞኮሎውን አንሡ። ወንድ ድመት ቆሞ ወደ ግድግዳ ነው የሚረጨው፤ ሽንቱ በዞኮሎው ጀርባ ይወርዳል። ጂፕሰም ቦርዱ ከታች ጠጥቶ ከሆነ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ቆርጣችሁ ቀይሩት፤ ዞኮሎው ይሸፍነዋል። የወለል ማሞቂያ ቀዳዳ ውስጥም ባትሪ አብሩ። አንዳንድ ድመት እዚያ ትሸናለች፣ ማሞቂያው ሲነሣ ጠረኑ ወደ ቤቱ ሁሉ ይሰራጫል።

የእንፋሎት ማጽጃ አትሞክሩ፤ ሙቀትና ውሃ ሽንቱን ወደ ጥልቅ ይገፋሉ። የኦዞን ማሽን ብዙ ይወራለታል፤ አየሩን እንጂ በእንጨት ውስጥ ያለውን ጨው አያገኘውም፣ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲም ኦዞን ሳንባን እንደሚጎዳ ያስጠነቅቃል።

አዲስ አበባ ውስጥ ፓርኬ ያለበት ቤት ያላችሁ ደግሞ ይህንኑ መንገድ በትንሽ ለውጥ ተከተሉ። ፓርኬው በሊሾ ላይ በሙጫ የተለጠፈ ከሆነ ከሥሩ የሚተነፍስበት ቦታ የለም። ስለዚህ ፈሳሹ ከላይ ካልኩት በግማሽ ይቀነስ፣ ማድረቂያው ጊዜ በእጥፍ ይጨመር። ሲረግጡት የሚንቀሳቀስ ፓርኬ ካለ ንቀሉት፣ ሊሾውን ለብቻው አክሙና አሽጉ፣ ከዚያ መልሳችሁ ለጥፉ።

ሥራው ካለቀ በኋላ የቤቱን አየር እርጥበት ከ35 እስከ 50 በመቶ መካከል አቆዩት፤ በዋሽንግተን ሞቃት ወራት ያለ እርጥበት መምጠጫ ማሽን ይህ ያስቸግራል። በዘይት የተሠራ ፖሊዩረቴን ከተቀባ ወለሉ ላይ ምንጣፍ ከመጣላችሁ በፊት 30 ቀን ጠብቁ። ከምንጣፉ ሥር የምትዘረጉትም የጨርቅ ፌልት ይሁን፤ የጎማ ጀርባ ያለው ቫርኒሹን ያቢጫዋል፣ ከወለሉም ጋር ይጣበቃል።